የጽዱ ቤት ዓሦች

"ወንፊቱን አምጪልኝ! የሻይ ማጥለያውን አላልኩሽም፣ የዓሳውን!" አለ ባልየው፣ እጁን እስከ ክርኑ አኳሪየሙ ውስጥ ከቶ።

ጽዱ ማጥለያውን ወደ ጓዳ መልሳ ትንሿን መረብ አመጣችለት። ቢጫው ዓሳ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሰማያዊው ድንጋዩ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ሽሪምፖቹ፣ እነዚያ ብዙ እግር ያላቸው ትናንሽ የባሕር ፍጥረቶች፣ እግራቸውን አጣጥፈው አሸዋው ላይ ተበትነዋል። በሕይወት ሳሉ መስታወቱን ሲያጸዱ ይውሉ ስለነበር፣ ጽዱ ከቤቱ ነዋሪ ሁሉ አብልጣ የምትወደው እነሱን ነበር። የቀረው ብርቱካንማው ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ትናንት ማታ ደህና ነበሩ እኮ" አለ ባልየው፣ ድምፁ ተሰብሮ።

"እግዜር ያጥናህ" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ለዓሳ ይባል አይባል ስላላወቀች ዋጠችው።

ስሟ ጽዱ አይደለም። ያወጣላት የሕንጻው ሰው ነው፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ካልሲው የተቀደደ እንደሆነ ሰበብ ፈልጎ በዚያው ይመለሳል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ "ጽዱ ወለል ላይ ወድቆ የተነሳ ዳቦ፣ እኔ ሳህን ላይ ካለው ይሻላል" ትላለች። ጽዱም "ኧረ ተይ!" ትላለች። ፊቷ ግን "ድገሚው" ነው የሚለው።

ባሏ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ፍሬንና ነዳጅ ከማይለይ ሰው ጎን ነፍሱን በእጁ ይዞ ይውልና፣ ማታ አኳሪየሙ ፊት ሲቀመጥ ነው ትከሻው የሚወርደው። የጨው ውሃ ዓሳ ደግሞ ቅብጥ ነው፤ ጨዉ በዛ፣ ውሃው በረደ፣ መብራቱ ደበዘዘ ብሎ ያኮርፋል። ባልየው ይህን ሁሉ ሲያባብል ነው የኖረው። ጽዱን እንዲህ አባብሏት አያውቅም፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

የመመርመሪያ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ውሃ ቀዳ፣ ጠብታ ጨመረ፣ ነቀነቀ፣ ቀለሙን ወደ መስኮቱ ይዞ አየ። ጨዉ ልክ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው። የውሃው ንጽሕና እንኳ ከባለፈው የተሻለ ነበር።

"ሁሉም ደህና ነው" አለ። "ታዲያ ምን ነካቸው?"

ዓሦቹን ከገዛበት ዓሳ ሻጭ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ስለነበር፣ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሁሉም ባንዴ ነው የሞቱት?" አለ ዓሳ ሻጩ።

"ከአንዱ በቀር።"

"ሽሪምፖቹም?"

"እነሱማ ድፍት ብለው።"

"በሽታ አይደለም ወንድሜ። በሽታ ተራ በተራ ነው የሚወስደው። አንድ መርዝ ነገር ገብቶበታል። ቤት ውስጥ የበረሮ መድኃኒት ነፍታችኋል?"

ባልየው ቀና ብሎ ጽዱን አያት። ልብስ ሰፊዋም አየቻት።

"በረሮ?" አለች ጽዱ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና። "በኔ ቤት? የምን በረሮ! ሰውዬው እየሰደበኝ ነው እንዴ?"

"ውይ! እንኳን በረሮ፣ ዝንቧም እግሯን ታጥባ ነው እዚህ የምትገባው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እንግዲያው እጅ ነው" አለ ስልኩ። "ቅባት፣ ሳሙና፣ ሽቶ ያለበት እጁን ውሃው ውስጥ የሚከት ሰው አለ?"

በዚህ ሰዓት የባልየው ታናሽ እህት ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ቁመቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ቤተሰቡ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጢጢ ነው የሚላት። ትዳሯ ሲፈርስ ካርቶኖቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ከገባች ሰንብታለች። ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ኬሚካሉ እጇን ስለሚሰነጣጥቀው ጠዋትና ማታ ትቀባዋለች። አሁንም ቅባቱን እያሸች ነበር የወጣችው። ሁሉም እጇን ሲያዩ፣ እሷም ምን አለበት ብላ እጇን አየች።

"ትናንት ማን ነው ያበላቸው?" አለ ባልየው።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ሞቱ እንዴ? ውይ በሞትኩት! ቢጫውም?"

"ስንት ጊዜ ተናገርኩሽ! በዚህ እጅሽ..."

"እጄን እኮ ውሃው ውስጥ አልከተትኩም፣ በማንኪያ ነው የበተንኩላቸው።"

"በማንኪያ! ማንኪያውን በእግርሽ ያዝሽው? የነካሽው ነገር የት በርክቶ ያውቃል? ትዳሩም ቢሆን..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ልብስ ሰፊዋ ካልሲዋ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንዳገኘች ሁሉ አቀርቅራ ቀረች። ሚጢጢ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ይህ ቁመት ያላት ሴት ያን ጊዜ እውነትም ሚጢጢ መሰለች።

ባልየው የሞቱትን በፕላስቲክ ሳህን ይዞ፣ ግቢው ውስጥ አበባው ሥር ሊቀብራቸው ወረደ። ልብስ ሰፊዋ እንደ አስተዛዛኝ ተከተለችው። ሚጢጢ ክፍሏ ገባች። ብዙም ሳይቆይ የፕላስተር ድምፅ ተሰማ፤ ካርቶን እየታሸገ ነው።

ጽዱ ሳሎን ብቻዋን ቀረች።

በረሮውን ያየችው በዚህ ሳምንት ነው፣ አኳሪየሙ የተቀመጠበት ቡፌ ጀርባ። እንደ ቤት አከራይ ተዝናንቶ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ጽዱ ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት። ማን አመጣው? የሚጢጢ ካርቶኖች ናቸው፣ ሌላ ማን! ይህን በሆዷ ፈረደች። መድኃኒቱን ግን ከሰፈር አልገዛችም፤ ማንም ወደማያውቃት ሱቅ በታክሲ ሄዳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትጠይቅ "ለጎረቤቴ ነው" ብላ ገዛች። ትናንት ሁሉም ሥራ ሲሄዱ ጥጋጥጉን ነፋችው። እንዲያውም ተጠንቅቃለች። የአኳሪየሙን አፍ በላስቲክ ሸፍና፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጋ፣ ሽታው እስኪወጣ መስኮት ከፍታ ነው የጨረሰችው። ጠብታ አልገባም። ስለዚህ የዋሸችው ስለ በረሮው ነው እንጂ ስለ ዓሳው አይደለም። በረሮ ደግሞ የግል ጉዳይ ነው።

እንዲህ እያለች ራሷን ስታጽናና ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ አየች። ጽዱ ሐዘን ላይም ብትሆን እርጥብ ወለል አታልፍም። ጨርቅ ይዛ ተንበረከከች። ውሃው እስከ ቡፌው ጀርባ ሄዶ ነበርና እሷም ተከተለችው።

እዚያ ጥግ አንዲት ትንሽ ማሽን ዝዝዝ እያለች ተቀምጣለች። የአየር ፓምፗ ናት። ጽዱ ስትወለውላት እንጂ አስባት አታውቅም። እጇን አስጠጋች። ማሽኗ ከሥሯ በኩል አየር ትስባለች። ከጫፏ የወጣውን ቀጭን ቱቦ በዓይኗ ተከተለችው፤ ወደ ላይ ወጣ፣ በመስታወቱ ጠርዝ ገባ፣ ታች አሸዋው ጋ ደረሰ፤ ከዚያ አረፋው ይወጣል። ጎንበስ ብላ ፓምፗን አሸተተች። የመድኃኒቱ ሽታ ጉሮሮዋን ቆነጠጣት። ትናንት አብዝታ የነፋችው በዚህች ጥግ ነበር።

አፉን ሸፍና አፍንጫውን ረስታዋለች።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ማንም አላያትም፤ ብርቱካንማው ብቻ ከመስታወቱ ማዶ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ያያታል፤ ሊናገርባት የፈለገ ይመስላል። ፓምፗን ከሶኬት ነቅላ ወደ ሚጢጢ ክፍል ሄደች።

"ሚጢጢ።"

"አቤት እትዬ።"

"ካርቶኑን ተይው። አንቺ አይደለሽም።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"እኔ ነኝ። ትናንት ነፍቼ ነው። ፓምፗ ስባው ገባ።"

"ምን ነፋሽ?"

ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት። "ያ... ለዚያ ነገር። ጥቁሩ።"

"ለበረሮው?" አለች ሚጢጢ፣ የወተት ሻጭ ስም እንደምትጠራ ሁሉ ቀለል አድርጋ።

"አይተሽዋል እንዴ?"

"የመጣሁ ቀን ነዋ! ገና ካርቶኔን ሳልፈታ ከምድጃው ሥር ወጥቶ ሰላም አለኝ።"

ጽዱ በሩን ተደገፈች። ገና ካርቶኑ ሳይፈታ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? እትዬ ጽዱ፣ ቤትሽ በረሮ አለ ልበልሽ? ታስወጪኝ ነበር እኮ! ጠዋት ጠዋት ካንቺ ቀድሜ እየተነሳሁ በጫማዬ እመታቸውና በመስኮት እወረውራቸዋለሁ።"

"ጠዋት ኳ ኳ የሚለው..."

"ስፖርት ነው ብዬሽ የለ? ስፖርትም ነው፤ ይሮጣሉ እኮ!"

ሚጢጢ ሳቀች። ጽዱ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በዚያ ኳ ኳ ምክንያት ይህችን ልጅ ስንት ጠዋት በሆዷ ስትረግማት ነበር! ልጅቷ ለካ የእሷን ስም በጫማ ስትጠብቅላት ኖራለች።

"ይልቅ ነይ፣ የቀረውን እናውጣው" አለች ሚጢጢ።

ባልየው ለመለወጫ ያዘጋጀው ንጹሕ የጨው ውሃ በባልዲ ነበር። ሚጢጢ እጇን በለብታ ውሃ እስክትጠግብ አጥባ፣ ብርቱካንማውን በመረብ አውጥታ ባልዲው ውስጥ ለቀቀችው። ዓሳው መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ከዚያ ጭራውን አንዴ መታ።

"ይኸው፣ እሱ ይድናል" አለች ሚጢጢ። "አሁን ጋሼ ሲመጣ አንቺ ዝም በይ። በኔው ይለፍ።"

"እንዴት በአንቺ?"

"ለኔ አንድ ወቀሳ ምኔ ነው? የተፈታች ሴት ላይ ሁሉም ነገር ይለጠፋል። የሥራ ጓደኛዬ ጋ ትንሽ ልቀመጥ፤ ሲበርድለት ይጠራኝ ይሆናል። አንቺ ግን እዚህ ሕንጻ ውስጥ ያለሽ ስምሽ ነው።"

እውነቱን ለመናገር ጽዱ ደስ አላት። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ፣ ግን ደስ አላት። ቀጥሎ ያ ደስታ ራሱ ከበረሮው ይበልጥ አስቀያሚ ሆኖ ታያት።

ከታች፣ ከግቢው፣ የባሏ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

"የገዛ እህቴ እኮ ናት! በዚያ ቅባታም እጇ ጨረሰቻቸው!"

"አይዞህ፣ ምን ታደርገዋለህ" አለ የሕንጻው ዘበኛ፣ አካፋውን ተደግፎ።

"አሁንም ጽዱ ትዕግሥት ስላላት ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እኔ ብሆን እንዲህ ያለች እንግዳ አላሳድርም። የራሷን ቤት አፍርሳ መጥታ!"

ሚጢጢ ሰማች። መስማቷን ላለማሳየት የታጠፈ ቀሚስ አንስታ እንደገና ታጥፍ ጀመር።

ጽዱ መስኮቱን ከፈተችው።

"ስማ! ላንዴ ወደዚህ ውጣ!"

"ምንድን ነው?" አለ ባሏ ሽቅብ እያየ። "እጄ ጭቃ ነው፣ እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ!"

ሁሉም አንጋጠጡ፤ ዘበኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከደረጃው ሥር ያሉት ሁለቱ ጡረተኞች። ከላይኛው ፎቅም አንድ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። "ስልክ ነው" ብትለው ይመጣል። ሲመጣ በሩን ዘግታ በጆሮው ትነግረዋለች። እሱም ሰው ነው፣ ለማንም አያወራም። ግቢው ግን በሚጢጢ ላይ እንደፈረደ ይቀራል።

"እትዬ፣ ኧረ ተይ!" አለች ሚጢጢ ከኋላዋ፣ የጽዱን ቀሚስ እየጎተተች። "ሲመጣ ትነግሪዋለሽ። ልብስ ሰፊዋ አለች እኮ!"

"አይቻታለሁ" አለች ጽዱ።

የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

"እሷ አይደለችም!" ብላ ጮኸች። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው! የበረሮ መድኃኒት ነፍቼ ነው!"

ባሏ ጭቃ እጁን ዘርግቶ ቀረ።

"የምን መድኃኒት?" አለች ልብስ ሰፊዋ። በደንብ ሰምታለች፤ ግን እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ተሰምቶ አይጠገብም።

ጽዱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"የበረሮ!" አለች፣ ከመጀመሪያውም ጮክ ብላ። "ቤቴ በረሮ አለ! ሚጢጢ ሳትመጣም ነበረ!"