ራሷ የምታስተካክል ካሜራ

አሶሳ ላይ ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙም አዲስ በነበረበት በ1988 ዓ.ም. አንድ ካሜራ ለመግዛት ስንት ጊዜ ይፈጃል ቢባል፣ መልሱ አምስት ወር ነው። እሱም ተቻኩለው።

ካሜራው የተፈለገው ለምረቃ ነበር። ቢሮው ከቆርቆሮ ቤት ወጥቶ ባለ ብሎኬት ሕንፃ ሊገባ ስለሆነ፣ ኃላፊዎቹ በሩ ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶ መጽሔት ላይ መውጣት ነበረበት። የማንሣቱ ሥራ ለታይፒስቷ ለትሩፋት "በተደራቢነት" ተሰጣት። በተደራቢነት ማለት ሥራው ይጨመራል፣ ደመወዙ ባለበት ይቆያል ማለት ነው።

ትሩፋት ግን ካሜራውን የፈለገችው ለእናቷ ነው። እናቷ ጤናዬ የዚያው ቢሮ ጽዳት ናት። በ1977 በሰፈራ ከወሎ ስትመጣ ታላቅ እህቷ ሕብረት እዚያው ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ሙሉ ወሬ ጠፋ። በቅርቡ ትሩፋት አድራሻ አፈላልጋ ደብዳቤ ብትልክ፣ አክስቷ እንዲህ ስትል አስጻፈች፦ "ጤናዬ በወባ ሞተች ብለውኝ ተዝካሯን አውጥቻለሁ። በእህቴ ስም የምትጽፊው ሴት፣ እውነትሽን ከሆነ ፊቷንና የአንገቷን ንቅሳት በፎቶ አሳዪኝ። ካልሆነ በቁስሌ አትጫወቺ።"

አሶሳ ፎቶ ቤት ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው የጤናዬ ፈቃድ ነው። እህቷ እንዲያ ፈጥና መቅበሯ ከንክኗታል። "ተዝካሬ ተበልቶ አልቋል፣ ፎቶው ለምኔ? እኔ ፎቶ ተይዞ ያየሁት ለቅሶ ላይ ነው" ትላለች። አንድ ቀን ትሩፋት ፎቶ አንሺ ለምና ቤት ድረስ አመጣች። ሰውየው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ የካሜራውን አፍንጫ ወዲህ ወዲያ ሲጠመዝዝ፣ ጤናዬ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ በጓሮ በር ወጥታ ነበር። ያን ጊዜ ትሩፋት ቆረጠች። እናቷን የሚይዛት፣ ትኩረቱን ራሱ አስተካክሎ በቅጽበት ቀጭ የሚል ትንሽ ካሜራ ብቻ ነው።

የግዥ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ሰብሳቢው ምክትል ኃላፊው አቶ ዱሬሳ፣ ከሂሳብ ክፍል ሞላ፣ ከንብረት ክፍል አቶ ኑራ። ከአዲስ አበባ ሦስት ፕሮፎርማ መጣ። ሁለቱ ካሜራዎች አፍንጫቸው የረዘመ ግዙፎች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ኪስ ትገባለች።

"ይቺ መጫወቻ ናት" አሉ አቶ ዱሬሳ ሥዕሏን በጣታቸው ጫፍ እየገፉ። "በዚህች የተነሣ ኃላፊን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?"

"ትኩረቱን ራሷ ነው የምታስተካክለው፣ ጋሼ" አለች ትሩፋት።

ሞላ ብዕሩን አስቀመጠ። "ራሷ ካስተካከለች፣ ስህተት ሲፈጠር ተጠያቂው ማነው?"

ጥያቄው ሁለት ስብሰባ በላ። አንድ መሣሪያ ያለ ፊርማ በራሱ መወሰን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ለበላይ አካል ተልኮ፣ "በእናንተው ይታይ" ተብሎ ተመለሰ። በአምስተኛው ወር፣ እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩት አቶ ኑራ ተናገሩ። እሳቸው የበርታ ሰው ናቸው፣ አማርኛውን የለመዱት ካደጉ በኋላ ነው።

"የሚያስቀምጠው እኔ ነው። ትልቁ ካሜራ ካዝና ውስጥ አይገባም። ትንሹ ይገባል። ወላሂ ትንሹ ይሻላል።"

ሁሉም አጨበጨቡ። ካሜራዋን በመጨረሻ የመረጣት ካዝናው ነው።

ካሜራዋ ስትመጣ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጻፈባት። የአጠቃቀም መመሪያዋም "እንዳይጠፋ" ተብሎ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተቆለፈበት። ትሩፋት ላንብበው ብትል፣ አቶ ዱሬሳ በደብዳቤ ጠይቂ አሏት፤ ደብዳቤዋም መልስ ሳያገኝ ምረቃው ደረሰ። ስለዚህ በካሜራዋ መመልከቻ መስኮት መሐል ያለችው ትንሽ ሳጥን ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ካሜራዋ አጥርታ የምታወጣው እዚያች ሳጥን ላይ የወደቀውን ነገር ነው፤ የሌላው ሰው ሹመት አይታያትም።

የምረቃው ቀን ትሩፋት ከሃያ አራቱ ፊልም ጥቂት ለእናቷ ደብቃ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ጤናዬ አነጣጠረች፤ ሦስት ጊዜም ነጠላው ቀድሟት ፊት ላይ ወጣ። የቀረውን ፊልም የኃላፊዎቹ ንግግር ጨረሰው። አንዲት ብቻ ስትቀር አቶ ዱሬሳ ጮኹ፦ "ለመጽሔቱ! ነይ እንጂ አንቺ ልጅ!"

ትሩፋት ልቧ ተሰበረ። የአክስቷን ደብዳቤ በዚህች ፊልም እመልሳለሁ ብላ ነበር፤ አሁን ለአራት ኃላፊዎች ልትሰጣት ነው።

አቶ ዱሬሳን ጨምሮ አራቱ በሩ ፊት ተሰለፉ። ከዚያ ግብዣው ተጀመረ።

"መሐል ይግቡ እንጂ!"

"ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?"

"እኔ ዳሩ ይበቃኛል፣ በሞቴ!"

በአዲስ ክልል መሐል መያዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ የያዘ ሰው ዓመት ሙሉ ይታማበታል። ሲገባበዙ ቆይተው ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ አፈገፈጉ። መሐሉ በመከባበር ባዶ ቀረ።

"አንሺ!" አሉ አቶ ዱሬሳ።

ትሩፋት እንባ ጋርዷት ስለነበር በሩ መከፈቱን አላየችም። ቀጭ አደረገችው።

ፊልሙ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት ታጥቦ መጣ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ፖስታውን ከፈተ። ለመጽሔቱ በተነሣው ፎቶ አራቱ ኃላፊዎች ጉም መስለዋል፤ የማን ከረባት የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። በመሐላቸው፣ ከበሩ ብቅ ያለችው ጤናዬ፣ በሁለት እጇ የለስላሳ ሳጥን ተሸክማ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ የአንገቷ ንቅሳት መስመር በመስመር እየተቆጠረ ቆማለች።

"ይቺ ካሜራ ዲሲፕሊን የላትም" አሉ አቶ ዱሬሳ። ፎቶው "ኃላፊዎችን የማያሳይ በመሆኑ" በንብረት ክፍል በኩል እንዲወገድ ተወሰነ።

አቶ ኑራ ትሩፋትን ወደ መጋዘኑ ጠሯትና ፎቶውን እጇ ላይ አኖሩት። "ሰው ማነው የሚጥለው? ሐራም ነው። ያንተ እናት ነው፣ ውሰድ።"

ትሩፋት ለእናቷ ትንፍሽ ሳትል ወደ ወሎ ላከችው። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ጤናዬን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ አነበበችላት።

"እህቴ ጤናዬ፣ ንቅሳትሽን አይቼ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ፈጥኜ ስለቀበርኩሽ ይቅር በይኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ። ደግሞ በግራ በቀኝሽ የቆሙት ጥላ የመሰሉ አራት ሰዎች እነማን ናቸው? እነሱስ ሞተዋል? ስማቸውን ላኪልኝ፣ ለነፍሳቸው አስጸልያለሁ።"

ጤናዬ በሳቅ ተንከተከተች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ትሩፋት ትከሻዋን ያዘቻት፤ እሷም ታለቅስ ነበር። ከነጠላው ሥር የእናቷ ድምፅ መጣ።

"ወረቀት አምጪና ጻፊላት። ከአቶ ዱሬሳ ጀምሪ።"