የከርሞው ድርሻ

መጋዘን ጠባቂውን የሰደበው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሳሙና ፋብሪካው ለሠራተኞቹ አክሲዮን በሸጠበት ዕለት፣ ከገንዘብ ያዡ መስኮት ፊት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። «አንተ ካርቶንህን ቁጠር፤ አክሲዮን የተማረ ሰው ነገር ነው» አለው። ሰዉ ሳቀ። ይህን ያለው ደግሞ እሱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ካርቶን እየተሸከመ ያስተማረው ልጅ ነው። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ማለት ይኸው ነው።

መጋዘን ጠባቂው አርባ አክሲዮን ገዛ። ሚስት አላገባ፣ ከማንም አልገጠመ። አንዳንዱ እሑድ አፉን ሳይከፍት ይመሽበትና ሰኞ ጠዋት ለፋብሪካው ሾፌር «ደህና አደርክ» ሲል ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። በምሳ ሰዓት ግን ከሳሙና ክምሩ ኋላ ተቀምጦ፣ ከመንገድ ላይ ከገዛው አሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ እየቀዳ በካርቶን ጀርባ ማካፈል ተማረ።

ዛሬ ወንድሙ፣ ዋናው ሒሳብ ሹም፣ ቢሮው አስጠራው።

«ጋሼ፣ ግባ እንጂ! ጠፋህ እኮ።» ከወንበሩ አልተነሳም። «አርባውን አክሲዮንህን ልግዛ። የአንዱ አክሲዮን የዘንድሮ የትርፍ ድርሻ መቶ ብር ነው። ገዢ ካወጣው ገንዘብ በዓመት አሥራ አምስት በመቶ ይፈልጋል፤ ድርሻው ደግሞ በየዓመቱ አምስት በመቶ ያድጋል። ሲቀናነስ አሥር በመቶ። መቶ ለአሥር በመቶ ሲካፈል፣ የአንዱ ዋጋ ሺህ። ባይገባህም ፈርም፤ ወንድምህ አይበላህም።»

«የዘንድሮውንማ በልተነዋል» አለ መጋዘን ጠባቂው። «ገዢው የሚያገኘው የከርሞውን ነው። መቶ አምስት ብለህ አካፍለው።»

ሒሳብ ሹሙ እየሳቀ ማስያውን ነካ ነካ አደረገ። ሳቁ ቆመ። ሺህ ሃምሳ።

መጋዘን ጠባቂው ጠበቀ። የጠበቀው ሃምሳዋን አይደለም። «ልክ ነህ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ ለእሷ ሲል አርባውንም በነፃ በፈረመለት።

ወንድሙ የሽያጭ ውሉ ላይ ሺሁን ሰርዞ ሺህ ሃምሳ ጻፈና እስክሪብቶውን አቀበለው።

«እንካ፣ ይሁንልህ። ለመሆኑ ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራልህ?»

መጋዘን ጠባቂው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ተነሳ።

«ጋሼ! አሁን ምን አልኩህ?»

በሩን ከኋላው ዘጋው። በረጅሙ ኮሪደር ወደ መጋዘኑ ሄደ።