ጠንካራው ማጽጃ

ሞተሩ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አሳለው፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ለቆ ዝም አለ። እታለም ቁልፉን አዞረች፤ ደግማ አዞረች፤ መልስ የለም። ሚኒባሱ ተማሪዎቹን እንደጫነ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ድንጋይ ይሆናል። በሁለት እግሯ ቆመችበት፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበች፤ ማርሹን አንደኛ ላይ ወረወረችው። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። የኋላው መከላከያ ከግንብ አጥር ጋር ሊሳሳም ትንሽ ነበር የቀረው።

"ማንም ከወንበሩ እንዳይነሳ" አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

መንገደኞች ሮጠው መጥተው ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጡላት። ያን ጊዜ ብቻ እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሣች። ልጆቹን አንድ በአንድ እየደገፈች ወደ እግረኛ መንገዱ አወረደቻቸው። የመጨረሻው፣ ገና አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ አልወርድም ብሎ ወንበሩ ላይ ሙጭጭ አለ። ጠጋ ስትል ገባት፤ በድንጋጤ ሱሪው ላይ አምልጦት ነበር። ሹራቧን አውልቃ ወገቡ ላይ አሰረችለትና አቅፋ አወረደችው። ትልልቆቹ ግን አይተው ኖሮ ሳቁበት። የልጁ እንባ አንገቷ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ከመኪናው መቆም ይልቅ ያ ሳቅ ነበር ያንገበገባት።

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። አፉን ሲፈታ "እታለም" አላት፤ ሰፈሩም ከልጁ አፍ ነጥቆ ጠራት፤ አሁን ተማሪዎቹም ወላጆቻቸውም እንዲያው ይሏታል። እሱን አዝላ ሥራ ሄዳለች፤ ለዳቦ ቤት ዳቦ እያመላለሰች አስተምራዋለች፤ አድጎ የመኪና ዕቃ መሸጫ ልክፈት ሲል ያላትን አራግፋ ሰጥታዋለች። እሱም ለእሷ እስከ ዛሬ "ማሙሽ" ነው፤ ጢም አውጥቶ፣ ከረባት አስሮ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖም ማሙሽ ነው።

ሚኒባሱ ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ምሳውን አቋርጦ ተነሣ። አጭርና ደረቅ ሰው ስለሆነ ብሎን ይሉታል። የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ፈትቶ ዘቀዘቀው፤ ናፍጣ መውረድ የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር አተላ ዱብ አለ። በጣቱ ዳበሰው፤ አሸተተው።

"ምን ጨመርሽበት?"

ነገረችው። ብሎን ራሱን ነቀነቀ። እንደ ልማዱ ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ጠዋት ጠዋት መጨስና መንዘፍዘፍ ከጀመረ ሰንብቷል። ብሎን ያኔ አይቶት፣ የናፍጣው ቋት የስንት ዘመን ዝቃጭ እንዳለበት፣ መጀመሪያ ወርዶ መታጠብ እንዳለበት፣ ከዚያ ፊልትሮ ተቀይሮ ለስለስ ያለ ማጽጃ በየሙሌቱ ጠብ እያደረጉ በትዕግሥት መሄድ እንደሚሻል ነግሯት ነበር። ይህ ማለት ግን መኪናው ቆሞ ይሰነብታል ማለት ነው። ልጆቹን ማን ያመላልሳቸው? ደግሞም መካኒክ ካልፈታ አይጠግብም። ባለፈው ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ ብሎ አውርዶት ምንም ሳያገኝ መልሶ የገጠመው ይኸው ብሎን አይደል? ስለዚህ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች።

ማሙሽ ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙስ አንሥቶ የባንኮኒው መስታወት ላይ ጎን ለጎን አቆመላት። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው ያን ሰሞን ወኪል የሆነበት አዲሱ ነው፤ የተጋገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሟሙቶ የሚያወጣ። የተጻፈው የባዕድ ፊደል ነበር፤ እሷ የምታነበው የወንድሟን ፊት ነው። ብሎን ስለ ቋቱ ያለውንም አልደበቀችውም። ማሙሽ ሳቀ። ብሎን እኮ ከመዶሻ ሌላ መድኃኒት አያውቅም አለ።

"ተወው እሱን። አንተ ብትሆን የቱን ትጨምራለህ?" አለችው።

"እታለም፣ እናቴ በሕይወት ኖራ መኪና ቢኖራት ይህን ነበር የምጨምርላት።"

ከዚህ በኋላ ምን ትጠይቅ? እናቱ እሷው አይደለችም እንዴ። ማሙሽ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ወጣና ጠርሙሱን በገዛ እጁ ቋቱ ውስጥ ደፋው። ተመልሶ ሄዶ ሌላ ጨመረ። "ይህ ደግሞ ለበረከት" አላት። ለጥቂት ቀን እውነትም ሞተሩ ለዘበ፤ ጭሱም ቀነሰ። እታለም መንገድ ላይ ያገኘችውን ሾፌር ሁሉ ስለ ወንድሟ ሱቅ ስትሰብክ ሰነበተች። ማጽጃው በዚያ መሃል ከቋቱ ግድግዳ ላይ የዘመናት ዝቃጭ እየፈነቀለ ወደ ፊልትሮው ይልክ ነበር። ፊልትሮው ተደፍኖ ዳገቱ ላይ በቃኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ የወላጆች ተወካይ ጋራዡ ድረስ መጡ። ሱሪው ላይ ያመለጠው ልጅ አባት ናቸው። ይጮሁብኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹራቧን አጥፈው መለሱላትና ረጋ ብለው ተናገሩ። ወላጆች ተደዋውለዋል። የሷን አነዳድ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን መኪናው በእሷ ቸልተኝነት ቆሞ ከሆነ ልጆቻቸውን ከእንግዲህ አይሰጧትም። ባለሙያ ነኝ ያለ ሻጭ አሳስቷት ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ተሠርቶ እስኪወጣ ይጠብቋታል።

እታለም ደረቷ ቀለል አላት። ሻጩ ወንድሜ ነው፤ የጨመረውም በገዛ እጁ ነው፤ ሄደን ይንገርዎት አለች። ብሎን ፊልትሮውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት።

ሱቁ ውስጥ እንግዳ ነበር። የአንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ግዢ ክፍል ኃላፊ ወንበር ተስቦላቸው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው አዲሱ ማጽጃ ተደርድሯል። ማሙሽ ቆሞ ሲያስረዳ ድምፁ እንደ ሬዲዮ ነበር።

"ማሙሽ" አለች እታለም ከበሩ።

ትከሻው ሰበቅ አለ። በዚያ ስም በሰው ፊት መጠራት እንደማይወድ ታውቃለች፤ ደስታ አስረስቷት ነው። ተወካዩ ሰላምታ ሰጥተው ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ፤ ፊልትሮውንም ከላስቲኩ አውጥተው አሳዩ። የግዢ ኃላፊው አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ፤ ከፊልትሮው ወደ ጠርሙሶቹ፣ ከጠርሙሶቹ ወደ ማሙሽ።

"ይህን ለዚያ መኪና የመረጡላት እርስዎ ነዎት?" አሉ ተወካዩ።

ማሙሽ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። እህቴ ናት፣ አልክድም ብሎ ጀመረ። ማጽጃው እንከን እንደሌለው፣ ለንጹሕ ቋት የተሠራ መሆኑን፣ ለአሮጌ መኪና ቀስ የሚለውን እንደሚመክር አስረዳ። ከብሎን አፍ የወጣውን ቃል አንድም ሳያስቀር፣ የራሱ አድርጎ አወረደው።

"ለእሷም ቋቱን መጀመሪያ አሳጥቢ ብያት ነበር" አለ በመጨረሻ። "ቸኮለች። ጠንካራውን ካልሰጠኸኝ አለች። እህት ናት፣ እምቢ አይባልም።"

እታለም መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። የሚቀጥለው ቃል ነገሩን የሚያስተካክል መስሏት ጠበቀች። የሚቀጥል ቃል አልነበረም። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በልጅነቱ የሰው መስታወት ሰብሮ ቀሚሷ ውስጥ ሲወሸቅም እንዲሁ ነበር የሚያልበው፤ ያኔም እኔ ነኝ የሰበርኩት ትል ነበር።

"እውነት ነው?" ብለው ጠየቋት ተወካዩ። ጥያቄያቸው የደግ ሰው ጥያቄ ነበር፤ በር ከፍተው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ውሸት ነው ብትል ኃላፊው ተነሥተው ይወጣሉ፤ ሱቁም አብሮ ይወጣል። የዚህን ሱቅ እያንዳንዱን መደርደሪያ በየትኛው ጠዋት፣ በየትኛው ብርድ ላይ እንዳቆመችው ታውቃለች። የገዛ ቤቷን በገዛ እጇ እንዴት ታፍርስ?

"እሱ እንዳለው ነው" አለች።

ይህን ስትል አንድ ነገር ብቻ ፈልጋ ነበር፤ ቀና ብሎ እንዲያያት። ማሙሽ ግን ፊቱን ወደ ኃላፊው መልሶ ነበር።

"አዩ አይደል፤ ሰው ምክር አይሰማም። ለዚህ ነው ከዕቃው ጋር ሥልጠናም የምንሰጠው" አላቸው። ኃላፊው ፈገግ ብለው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

ውጭ ተወካዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትንሽ አብረዋት ተራመዱ። እንዳዘኑ ነገሯት፤ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሾፌር እንደሚይዙም ነገሯት። ልጄ ግን እሷ ካልወሰደችኝ እያለ ነው ብለው ጨመሩ። ያን ባይጨምሩ ይሻል ነበር።

በማግስቱ እታለም ማለዳ ጋራዥ ገባች። ተማሪ የምትጭንበት ሰዓት ነበርና እቤት መቀመጥ አልቻለችም። ብሎን ቋቱን አውርዶ መሬት ላይ አጋድሞታል። እሷም ቱታ ተውሳ፣ እጇን እስከ ክርኗ እየከተተች ዝቃጩን በጨርቅ ትጠርግ ጀመር። ብሎን አልፎ አልፎ ንጹሕ ጨርቅ ያቀብላታል። ማሙሽ የሚሉት ልጅ ምን አለ ብሎም አልጠየቀም፤ ከሰፈሩ ሰምቷል።

ረፋዱ ላይ ማሙሽ መጣ። አዲስ ፊልትሮና ቀስ የሚለውን ማጽጃ በካርቶን ታቅፏል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ዘይት እየዘለለ አጠገቧ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። መውጫ እንዳጣ፣ ሰውየው ሊፈርም ትንሽ ብቻ ቀርቶት እንደነበር፣ አሁን እንደፈረመ፣ የመኪናውን ወጪ በሙሉ እንደሚሸፍን፣ ከድርጅቱም ሥራ እንደሚያፈላልግላት አወራ። እሷ መጥረጓን አላቆመችም።

"እታለም፣ እኔን ታውቂኛለሽ አይደል?" አላት።

ጨርቁን ጨመቀችው። ጥቁሩ ዝቃጭ በጣቶቿ መሃል ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታወጣ ስታወርድ ነው ያነጋችው። አንዳንዱ ስድብ ነበር፤ አንዳንዱ ልቅሶ፤ አንዳንዱ የድሮ ውለታ። አሁን ቀና ብላ ስታየው ሁሉም ለቅርብ ሰው የሚባል ሆነባት። ቀስ ብላ ተነሣች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄ ቆሽሿል፣ ልጨብጥዎት አልቻልኩም" አለችው። "ፊልትሮ ገዝተናል፤ እርስዎ አይቸገሩ።"

ማሙሽ የቀለደች መስሎት ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። ደንበኛ የማያውቀውን ሻጭ የሚያይበት ዓይን ነበር። ካርቶኑን ወዴት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

እታለም ጎንበስ ብላ ጨርቋን ከቋቱ አፍ ውስጥ ከተተች።

"ብሎን" አለች ቀና ሳትል፣ "ለእንግዳው ወንበር ስጣቸው፤ ቆመው ቀሩ።"