ዛንፌራ ማለት

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፣ ሐሙስ ጠዋት የባሌ ቤተሰብ ለልጄ የልደት ካርድ ሊያወጣ ከቤት ወጣ። የባሌ አባት ከረባት አስረዋል። የባሌ እህት ሽቶዋን ደፍታዋለች። እኔ ልጄን ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ።

ለልጄ የእናቴን ስም መርጬላት ነበር። አይሆንም ተባልኩ፤ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ዛንፌራ ነው የምትባለው። ዛንፌራ የግቢያቸው በር ላይ ያለች የብረት አውሬ ናት፤ ሁለት ክንፍ፣ የአሞራ ምንቃር፣ የአንበሳ ጥፍር፣ አፏን በርግዳ የምትጮኽ። የባሌ አባት በያጅ ናቸው፤ ባገቡ ዓመት በእጃቸው ሠርተው የሰቀሏት፣ ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ትርጉሙን ጠየቅኩ። የባሌ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በጠፋ ጥንታዊ ቋንቋ «ደጅ የማታስደፍር» ማለት ነው አሉ። የማን ቋንቋ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ጠፍቷል አልኩሽ እኮ ብለው ተቆጡ። የባሌ እህት የለም፣ የባሕር ማዶ ንግሥት ስም ነው አለች፤ ደግሞ ያንቺን ስም ትርጉም ማን ጠየቀሽ አለችኝ። ባሌ ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ የነፋስ ስም ሳይሆን አይቀርም አለ። ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው። ሦስቱም ዓይን ለዓይን አይተያዩም። የባሌ እናት ወደ ጓዳ ገቡ።

ወረዳው መዝገብ ቤት ስንደርስ ባሌ ቅጹን ሞልቶ በመስኮቱ አስገባ። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራ ስንጠብቅ ደሜ ፈላ።

«ምን እንደሆነ የማታውቁትን ስም ልጄ ላይ አትለጥፉም» አልኩ።

ባሌ ተይ በናትሽ፣ ሰው ይሰማል አለኝ። ይስማ አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ወግ ያለው ቤት ነው» አሉ አባቱ።

«እኮ ወጉን ይንገሩኛ፣ አባባ።»

ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መዝጋቢዋ ከመስኮቱ ወዲያ አንገቷን ሳታቀና ተጣራች።

«ዛንፌራ!»

«አቤት፣ መጣሁ!»

የባሌ እናት ናቸው። ሁላችንንም ቀድመው ተነሥተዋል። ባላቸው ከጓዳ የጠሯቸው ይመስል እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ እየተጣደፉ መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና ቀጥ አሉ።

የባሌ አባት ከረባታቸውን መመርመር ጀመሩ። የባሌ እህት የንግሥቲቱን ነገር ትታ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ባሌን አየሁት፤ ጆሮው ቀልቷል።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ ሽበታቸውን አየች። «እማማ፣ እዚህ የተጻፈው የሕፃን ስም ነው። ዛንፌራ ማናት?»

የባሌ እናት ወደ ባላቸው ዞሩ። እንዲመልሱ ጊዜ ሰጧቸው። እሳቸው ከረባታቸውን ፈቱት።

«ሕፃኗ አይደለችም» አሏት መዝጋቢዋን። «ሰርዢው።»