ለቁጥሩ ጣሳ አልነበረኝም

ያን ቀን ቤቴ ነበርኩ። ጎረቤቴ ወይንሸት ስለ እኔ «የለችም» ባለችበት ቀን ከአጥሯ ወዲህ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ የሳምቡሳ ምስር እለቅም ነበር። የስልኳን ጩኸት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ መሆኑን ማን ይንገረኝ! የነገረችኝ ሠራተኛዋ ናት፤ እሷም ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ፣ ገበያ ላይ ስታገኘኝ።

«ከጅቡቲ አንድ ሰው ደውሎ አስካለን ጥሩልኝ ብሎ ነበር። እትዬ ግን ‹የለችም፣ ሰፈር ቀይራለች› ብለው ዘጉት» አለችኝ።

ሣህሉ ነው። ጅቡቲ ሌላ ማን አለኝ?

ባሌ ሣህሉ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። በሶማሊያው ጦርነት የባቡሩ ድልድይ ሲፈርስ እሱ ያለበት ባቡር ወዲያ ማዶ፣ ጅቡቲ በኩል ቀረ። መንገዱ ሲጠገን ባቡሩ ተመለሰ፤ ሣህሉ አልተመለሰም። «እዚያ የቆየውን ሁሉ ከዳተኛ ብለው ስለሚይዙት ፈርቶ ነው» የሚል አለ። «ሌላ አግብቶ ነው» የሚልም አለ። አፍ አይከለከል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ምን ሊለኝ እንደደወለ ብቻ ነው።

ደብዳቤ አይጽፍም፤ እሱም እንደኔ ከፊደል ብዙም አልተዋወቀም። ቢጽፍስ? በዚያ ዘመን ከጅቡቲ የመጣ ወረቀት እኔ ጋ እስኪደርስ ስንቱ ያነበዋል። የጅቡቲ ጨርቅ በባቡር የምታመላልሰው ሆዳን ፈልጋልኝ ነበር። «አባዮ፣ እህቴ፣ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር አሉኝ። አሁን የለም። መርከብ ላይ ወጥቷል ያለኝም አለ» ብላ ተመለሰች። እንግዲህ እኔ ልደርስበት አልችልም። እሱ ነው ሊደርስብኝ የሚችለው።

ከዚያ ወዲህ ወይንሸትን ሰላም ብያት አላውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ እሷ ባለችበት ድንኳን ጥግ አልቀመጥም። ሽማግሌ ልካብኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የራሴን ስልክ አስገባለሁ አልኩ።

ሰፈሩ ሳቀ። ስልክ የሹም ነው፣ የነጋዴ ነው፤ ሳምቡሳ ሻጭና ስልክ ምን አገናኛቸው? ኢስሃቅ ብቻ አልሳቀም። እሱ የስልክ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ጠዋት ሥራ ሳይገባ እኔ ጋ ይበላል።

«ኢስሃቅ፣ ስልክ ለማስገባት ምን ምን ይጠይቃል? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

«አቦ፣ አስካለ! ምን ሊያደርግልሽ?»

«እኔ የጠየቅኩህን መልስ።»

መለሰልኝ። መመዝገቢያ አለ። ማስያዣ አለ። ከስልክ እንጨቱ እስከ ቤቴ የሚመጣ ሽቦ አለ። መሣሪያው ራሱ አለ። በላዩ ላይ፣ ተደወለም አልተደወለም በየወሩ የሚከፈል አለ። «ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማስገቢያውን ያጠራቅማል፣ የወሩን ይረሳል፣ ከዚያ ይቆረጥበታል» አለኝ።

እኔ ጽፌ አልይዝም። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ነበሩኝ፤ ለመመዝገቢያው አንድ፣ ለማስያዣው አንድ፣ እንዲህ እያልኩ ደረደርኳቸው። ከዱቄትና ከዘይት የተረፈውን ማታ ማታ እደለድላለሁ። የወሩን ጣሳ ከሁሉም ፊት አቆምኩት፣ እንዳይረሳ።

ኢስሃቅ አይቶ ሳቀ። «ዋላሂ፣ መንግሥትም እንዲህ አድርጎ በጀት አይዝም! ለቁልፉስ?»

«የምን ቁልፍ?»

«መደወያው ላይ የምትንጠለጠል፣ ሰው እንዳይደውልበት። የወይንሸት ስልክ ላይም አለች አይደል?»

«አልፈልግም። እኔ የምደውልለት የለኝም። እንዲደወልልኝ ነው።»

ዓመታት ሄዱ። ዘይት ሲወደድ ጣሳው ይነጥፋል። አንድ ክረምት ወባ ጣለኝና የሽቦውን ጣሳ ለመድኃኒት ገለበጥኩት፤ ሲሻለኝ እንደገና ከታች ጀመርኩ። ባቡሩ በመጣ ቁጥር እጄ ሊጥ ላይ ይቆማል። ሣህሉ በሰፈራችን ሲያልፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ያደርግ ነበር፤ ብረቱ ሁለቴ ሲያፏጭ ድስት እጥድ ነበር። አሁን ያሉት ዝም ብለው ያልፋሉ። ቢሆንም እሰማለሁ።

ጣሳዎቹ የሞሉ ለት ኢስሃቅን ጠራሁት።

«በቃ ነገ ተመዝገቢ። ተራሽ ሲደርስ አዲስ ቁጥር ይሰጥሻል» አለኝ።

«የምን አዲስ ቁጥር?»

«የራስሽ ነዋ! የማንም ያልሆነ።»

እጄ ላይ የነበረው ሳምቡሳ ሳይታጠፍ ቀረ። ሣህሉ በዓለም ላይ የሚያውቀው የስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። የወይንሸት ባል የምድር ባቡር ሹም ሳለ «ችግር ከገጠመህ ደውል» ብሎ ያስያዘው፣ የወይንሸት ቤት ቁጥር። ሽቦውን አሰብኩ፣ መሣሪያውን አሰብኩ፣ ወሩን አሰብኩ። ለቁጥሩ ጣሳ አልነበረኝም።

«ቁጥር ይሸጣል?» አልኩት።

«አይሸጥም። ባለቤቱ ፈርሞ ግን ሊያዛውር ይችላል።» አንገቱን አከከ። «ልንገርሽ? ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የወሩ ከብዷት ወይንሸት ልታስቆርጠው ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ሻሼን አሰርኩና ወጣሁ። ቤቷ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ያን ቀን ግን ከከተማ ውጭ ያለው ዋሂል ድረስ በእግሬ የሄድኩ መሰለኝ። ራሷ ከፈተችልኝ። ከስታለች።

«ስልክሽን ልታስቆርጪ ነው አሉ።»

«ልትስቂብኝ መጣሽ?»

«ቁጥሩን ስጪኝ። ወደ ስሜ አዛውሪልኝ።»

በሩን ሳትለቅ ነገረችኝ። «ከጅቡቲ ነው ሲለኝ ፈራሁ አስካለ። በዚያ ሰሞን ከወዲያ ስልክ የመጣለት ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ባሌ ሹም፣ ቤታችን ዓይን ውስጥ...»

ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ። ሲመጣ ግን የጠየቅኳት ሌላ ነው።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። የለችም አልኩት። ከዚያ ‹እሺ፣ እንደገና እደውላለሁ› አለኝ።»

ሠራተኛዋ ይህን አልነገረችኝም። 

«ደወለ?»

«አላውቅም» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲጮህ አላነሣም ነበር።»

ልሰድባት አፌን ከፈትኩ፤ ስድቡ አልመጣልኝም። ዞሬ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አዲስ አበባ ያለችው ልጄም የምታውቀው ይህን ቁጥር ነው። ስትደውል ትጠሪኛለሽ?»

«ጠዋት ቴሌ እንገናኝ» ብያት ወጣሁ። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ።

ፈረመች፤ እኔም ስሜን እንደምንም ጽፌ ፈረምኩ። ኢስሃቅ ሽቦውን ከእሷ ጣሪያ ወደ እኔ ጣሪያ ጎተተው። ስልኩን ከሳምቡሳው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ያለ ቁልፍ አስቀመጥኩት። ገበያ መውጣት ተውኩ፤ ሳምቡሳ የፈለገ ደጄ ድረስ ይምጣ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጮኸ። እጄን እንኳ ሳልጠርግ አነሣሁት።

«ሃሎ? እማዬ አለች?» የሴት ልጅ ድምፅ።

«የለችም» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ የቆየ ቃል ነው። እጀታውን ዱቄቱ ጎን አጋደምኩና ወደ አጥሩ ወጣሁ።

«ወይንሸት! ነይ፣ ስልክ! ልጅሽ ናት!»

በነጠላ ጫማ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሮጣ መጣች። ወንበሬን ሰጠኋት፣ እጀታውን አቀበልኳት።

«አታስረዝሚው» አልኳት። «ሣህሉ ሲደውል መስመሩ ተይዞ እንዳያገኘው።»