የእንግዳ ክፍሉ ወንበሮች

የተሸጠ ወንበር ሰው ቤት ምን ሊያደርግ ይቀመጣል?

«እማማ ምናልባት» ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጡት ከርመው መልስ አላገኙለትም። «ምናልባት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ «ምናልባት ይዘንብ ይሆናል፣ ልብሱን አስገቡ፤ ምናልባት በሩ አልተቆለፈም፣ ተመልሳችሁ እዩት» ሳይሉ ስለማይውሉ። በዚህ ሳምንት ግን የሚሰጉበት ነገር ከውጭ የሚመጣ አልነበረም። የእንግዳ ክፍላቸው እስከ ጣሪያው ድረስ በወንበር ተሞልቷል። አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለለ፣ እግሩ በካርቶን የተጠቀለለ፣ የቫርኒሹ ሽታ እስከ መኝታ ቤት የሚከተል አዲስ ወንበር።

ያመጣው ልጃቸው ነው። የቤት ዕቃ የሚያመርት አክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነው። በድርጅቱ መኪና አስጭኖ መጣና ሁሉንም አስወርዶ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ «እማዬ፣ ለጥቂት ቀን ነው። ለሆቴል የተሸጡ ናቸው፤ ሆቴሉ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ነው» አላቸው።

«ታዲያ መጋዘናችሁ ጠበበ እንዴ?»

«ቆጠራ አለብን። የተሸጠ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ከተገኘ ነገር ያበላሻል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ ደግሞ እንዳትነግሪያት። በሥራ ተወጥራለች፤ አታስጨንቂያት።» እማማም እሺ ብለው ቃል ሰጡት።

«እሷ» ያላት የእህቱን ልጅ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እማማ ጉያ ውስጥ አድጋ፣ ዛሬ እዚያው አጎቷ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆናለች። የዓመቱ ሪፖርት ለባለአክሲዮኖችና ለባንክ ሲሄድ ከሥሩ የሚፈርመው አጎቷ ብቻ አይደለም፤ እሷም ትፈርማለች። አታስጨንቂያት የተባሉት እማማ ለእሷ ሲጨነቁ እህል አልወርድ አላቸው።

ቅዳሜ ለምሳ መጣች። ቦርሳዋን ወርውራ ሶፋው ላይ ተዘረረች።

«ከስተሻል።»

«እማማ፣ ባለፈው ቅዳሜም ከስተሻል ብለሽኛል። በአንቺ ሂሳብ ቢሆን እኮ እስካሁን አልቄ ነበር!»

«ምናልባት ቁርስ አልበላሽም።»

«በልቻለሁ። ሂሳብ ልንዘጋ ስለሆነ ነው።» ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። «ይሄ ቁም ሳጥንሽ የድርጅታችን ንብረት ቢሆን ኖሮ፣ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እያሰብንለት ዋጋው ድሮ አልቆ ነበር።»

«እኔንማ ከእነጭራሹ ጥላችሁኝ ነበር በይኛ!»

«አንቺ መሬት ነሽ። መሬት የእርጅና ቅናሽ አይታሰብበትም።»

እማማ ሳቁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሾርባውን እያማሰሉ፣ እንደ ዋዛ ጠየቁ።

«አንድ ዕቃ ግን ተሸጠ የሚባለው መቼ ነው? ሰውየው እገዛለሁ ሲል?»

«ሲልማ አይደለም። እገዛለሁ ያለን ሁሉ ቢገዛ ኖሮ የት በደረስን!»

«ገንዘቡን ሲከፍልስ?»

«እሱም አይደለም። ቀድሞ ቢከፍል ዕቃውን እስክናስረክበው ድረስ ባለዕዳው እኛ ነን። ተረክቦ ገና ባይከፍል ግን ሽያጭ ነው። ዋናው ነገር ዕቃው የእሱ መሆኑ ነው። ቢሰበር እንኳ ኪሳራው የእሱ ሲሆን ነው።»

እማማ ማማሰሉን ተዉት። ከትናንት በስቲያ ከክምሩ ላይ አንዱ ወንበር ተንሸራቶ እግሩ ሲሰነጠቅ፣ ደንግጠው ለልጃቸው ደውለው ነበር። ሆቴሉ እንዳይቆጣ ብለው ሲጨነቁ፣ «ሆቴሉን ምን አገባው? እኛው እንጠግነዋለን» ነበር ያላቸው።

«ዘንድሮ እኮ አንድ ሆቴል ነው ያወጣን» አለች ልጅቷ ከሶፋው። «መጨረሻው ላይ መዓት ወንበር ወሰደልን። እሱ ባይኖር ዓመቱን በኪሳራ ነበር የምንዘጋው። የማስረከቢያ ወረቀቱን ጋሼ ራሱ ነው አምጥቶ የሰጠኝ። ሰኞ ኦዲተሩ ፊት እፈርምና እገላገላለሁ።»

ሰኞ! አሉ እማማ በልባቸው። ልጃቸው ክፉ አይደለም። ባንኩ ብድሩን ካላደሰ ለሠራተኛው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ እያሰበ ስንቱን ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ ከርሟል። ቃል ደግሞ ሰጥተውታል። ግን ይህቺ ልጅ ፈርማ ምናልባት ነገ ብትጠየቅስ? ምናልባት ከዚያ በኋላ ማንም ባይቀጥራትስ?

ይህን ሲያስቡ ልጃቸው ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳው እዚሁ ነው። ከጠረጴዛው ወንበሮች አንዱ ከተሰበረ ቆይቷልና እንደ ልማዱ በርጩማውን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሲያልፍ፣ እጁን ያዙት።

«ተው። ዛሬስ በርጩማ ላይ አትቀመጥም።»

የእንግዳ ክፍሉን ከፈቱ። አንድ ወንበር እየጎተቱ አወጡና የእግሩን ካርቶን ቀደው ጥለው ጠረጴዛው አጠገብ አቆሙለት።

«እማዬ!»

«ምን አልኩ? ወንበር ነው ያመጣሁልህ።»

ልጅቷ ከሶፋው ተነሳች። ወንበሩን ገልብጣ ከመቀመጫው ሥር የተለጠፈውን የፋብሪካ ቁጥር አየች። ከዚያ እስከ እንግዳ ክፍሉ በር ሄዳ፣ ክምሩን ቆማ ስታየው ቆየች።

«ሆቴሉ የተረከባቸው እነዚህን ነው፣ ጋሼ?»

«ይወስዳቸዋል። ቃሉን ሰጥቶኛል። ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ነው።»

«ሲወስድ ያን ጊዜ የመጪው ዓመት ሽያጭ ይሆናል። አሁን የእኛ ዕቃ ናቸው። መጋዘን ይመለሱና ይቆጠሩ፤ ሽያጩን እሰርዘዋለሁ።»

«ሰርዢውና ለባንኩ ምን ልትይ ነው?»

«ያለውን።»

«ያለው ኪሳራ ነው!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ፋብሪካው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደመወዝ ሲጠይቅ አንቺ ልትከፍይው ነው? እስቲ ንገሪኛ!»

ልጅቷ ከክምሩ ፊቷን መልሳ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ግን የሌለውን አለ ብዬ አልፈርምም።»

ልጃቸው ወደ እናቱ ዞረ። «አየሽ? አትንገሪያት ያልኩሽ ለዚህ ነበር።»

«እኔ ምንም አልነገርኳትም» አሉ እማማ። ሁለቱም ሊስቁ ይችሉ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ትንሽ ሆነህ አባትህ ሲቆጣህ ከቀሚሴ ኋላ ትደበቅ ነበር። ደብቄሃለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እደብቅሃለሁ። አሁን የተደበቅከው ግን ከእሷ ኋላ ነው። ዱላው ቢመጣ የሚያገኘው እሷን ነው።»

ሾርባው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ማንም አላወረደውም። ልጃቸው የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ቫርኒሹን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው፣ የራሱ ፋብሪካ ሥራ መሆኑን ያኔ ገና ያየው ይመስል።

«ቢያንስ ብላ» አሉት እማማ። «ምናልባት በልተህ ስታስበው...»

ወንበሩን አንስቶ በብብቱ ሸጎጠው። በሩ ጋ ሲደርስ የወንበሩ እግር መቃኑን እንዳይጭረው ጠምዘዝ አድርጎ አሳለፈው፤ «ቆጠራው ከዚህ ይጀመር» ብሎ ወጣ።