ያልተከደነው ብርሌ

ሰው ስለ እኔ የሚያወራውን አውቃለሁ። «የሺወርቅ ጠጇ ጣፋጭ፣ ልቧ ድንጋይ» ይላሉ። ስለ ጠጁ ልክ ናቸው። ስለ ልቤ ደግሞ ይህን ከሰማችሁ በኋላ ራሳችሁ ፍረዱ፤ እኔ ለራሴ ጠበቃ አልቆምም።

ባሌ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ከጎንደር ወደ መቀሌ ሲዛወር ተከትዬው መጣሁ። እሱ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ እኔ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች ጠጅ ቤት ከፈትኩ። ይህን የማወራው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የሆነውን ነው። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ቤቴ ከቀትር ጀምሮ ይሞላል። አሞሌ ጨው ያራገፉ ነጋዴዎች፣ ከቢሮ ሾልከው የወጡ ጸሐፊዎች፣ ጠጅ የማይነኩና ብርዝ ብቻ የሚጠጡ የወሎ ወዛደሮች፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ የሚጫወቱ ባልና ሚስት አዝማሪዎች ነበሩኝ። አገኘሁ ክራር ይመታል፣ አያልነሽ ትዘፍናለች። ከላስታ በእግራቸው የመጡ ናቸው። የአያልነሽ ድምፅ ቀጭንና ዝግ ያለ ነበር፤ ሰው እሱን ለመስማት ሲል ወሬውን ያቆማል። እኔ እንኳ፣ ብርሌ እያጠብኩ፣ እጄን ከውሃው አወጣ ነበር።

የአዝማሪን ሕግ ታውቃላችሁ። ጠጪው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ አዝማሪው ያችኑ ግጥም ተቀብሎ ይዘፍናል። ስድብ ብትሆንም፣ እናቱን ብትነካም ይዘፍናል፤ ሰጪው «ይበቃል» እስኪልም አያቆምም። እምቢ ያለ ክራሩን ሰቅሎ እርሻ ይግባ። በእኔ ቤት ግን አንዲት ማምለጫ ነበረች። እኔ ተነሥቼ የግጥም ሰጪውን ብርሌ አፍ በመዳፌ ከከደንኩት፣ ግጥሙ ይቀራል፤ ማንም አይቀየምም። ይህን ሥርዓት ያመጣሁት ሁለት ጨው ነጋዴዎች በአንዲት ግጥም ሰበብ ጩቤ ከተማዘዙ በኋላ ነው። ሁሉም ያከብረው ነበር።

ረታ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ከአስመራ ወደ ደሴ ዕቃ ያመላልሳል። ሰፊ ትከሻ፣ ብዙ ሣቅ። አንድ ቀን ግራሞፎንና ሦስት ሸክላ ይዞ መጣና በቤቴ አስቀመጠው፤ እሱ በነፃ ሊጠጣ፣ እኔ በመሣሪያው ሰው ልጠራበት ተስማማን። ሁለቱ ሸክላዎች የጣሊያን ነበሩ፤ እንቅልፍ ያመጣሉ። ሦስተኛውን አስመራ ካሉት የአሜሪካ ወታደሮች ነው ያገኘሁት አለ። የተቀረጸበት አንድ ጥቁር ሰው ነው፤ ከጊታሩ በቀር አጃቢ የለውም። ይዘፍናል ለማለት ይቸግረኛል። ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ጊታሩ ይመልስለታል፣ እንደገና ይጮኻል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እግሩን በመሬት ሳይመታ የተቀመጠም አልነበረም። በሳምንቱ የጨው ነጋዴዎቹ «ያን የሚጮኸውን» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ።

የግራሞፎኑ መርፌ ሲያልቅ አገኘሁ የበለስ እሾህ ለቅሞ፣ በቢላ ስሎ፣ በመርፌው ቦታ ሰካው። ደህና አድርጎ ሠራ። እንጀራውን ለሚቀማው መሣሪያ እሾህ ሲስል አየሁትና ሣቅሁበት፤ እሱም አብሮኝ ሣቀ። ሞኝ አልነበረም፤ ከሸክላው ጋር ፍቅር ይዞት ነበር። ቤቱ ባዶ ሲሆን ጆሮውን በግራሞፎኑ የድምፅ ቀንድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል።

«ይህ ሰውዬ የሚገርመው ምን መሰለዎት፣ እትዬ?» አለኝ አንድ ቀን። «ማንም ተቀበል አላለውም። የገዛ ጉዳቱን ነው የሚዘፍነው።»

«አንተስ ምን ልትዘፍን ነው?» አልኩት። «ከእንግዲህ የናንተን ዘፈን የሚያዝ ሰው የለም። ወይ እንደሱ ተጫወት፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልግ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አያልነሽ አጠገቡ ነበረች፤ ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ።

አገኘሁ የክራሩን ጅማት ፈትቶ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው የስልክ ሽቦ ስድስት ክር ወጠረ። የእንጨቱን ገበታ አውጥቶ በቦታው የቤንዚን ጣኒካ ገጠመ። መጀመሪያ ሲመታው ደሮዎቼ ከግቢ ወጡ። አቦይ ሥዩም የሚባሉ የዚሁ አገር ሽማግሌ፣ የጨው ነጋዴዎች አለቃ፣ ብርሌያቸውን አስቀምጠው «እዚ ክራር ድዩ ወይስ ማኪና?» አሉ። ክራር ይሁን መኪና ባይለዩትም ሳይሄዱ ቀሩ። ማንም አልሄደም። ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ክራባታቸውን ፈትተው ጨፈሩ። ሽቦው ጣቱን እየበጣው፣ ጣኒካው እየተንቀጠቀጠ፣ አገኘሁ እንደ ጥቁሩ ሰውዬ ይጮህ ጀመር። ጩኸቱ ግን ገና የሌላ ሰው ነበር፤ የተዋሰው መሆኑ ያስታውቅበታል።

አያልነሽ ከዚያ ድምፅ ጋር መዝፈን አልቻለችም። አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያላችሁ እንጂ ቃሏን አትሰሙም። ሦስት ሰኞ ታገለች። በአራተኛው «አንቺ ጠጅ ቅጂ» አልኳት፤ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ «እስኪ አንድ ዝፈኚልኝ» ያላት ረታ ብቻ ነው። መኪናው አጠገብ፣ ግቢ ውስጥ፣ እሱ መሪ ላይ ተደግፎ፣ እሷ ቆማ ስትዘፍንለት በመስኮት አይቻለሁ። ሰው ድምፁን ሲሰሙለት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከመኪናው ጋር አብራ ሄደች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰች፣ ብቻዋን፣ ከውቅሮ በእግሯ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ። ረታ ሰልችታው መንገድ ላይ አውርዷት ነበር። ጓዳ አስገባኋትና እግሯን በሞቀ ውሃ አጠብኩላት። ይህን የማወራው መልካም ሴት ነኝ ለማለት አይደለም። ጠጅ የሚቀዳ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

አገኘሁ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ቆሞ ነበር ያነጋገረኝ።

«እወስዳታለሁ» አለ። «ሰኞ ማታ ይዣት ወደ ቤታችን እገባለሁ። ተነጋግረናል።»

«ሰውስ?»

«ሰው በሹክሹክታ ያውራ፤ እሱን እችለዋለሁ። ዘፈን ውስጥ ከገባ ግን አልችለውም፣ እትዬ። እኔ አዝማሪ ነኝ፤ ባዘዙኝ ቁጥር ልዘፍነው ነው። ቀን ሚስቴን በዘፈን እየገፈፍኩ፣ ማታ አጠገቧ መተኛት አይሆንልኝም። እሷም አትችለውም።» ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። «ነገ ረታ ይመጣል። ዝም የሚል ሰው አይደለም። ተቀበል ካለኝ ብርሌውን ይክደኑልኝ።»

«እከድናለሁ» አልኩት።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ሰኞ ዕለት ቤቴ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ ሁሉም ሊያይ ነው የመጣው። መቀመጫ ያጣው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ይጠጣል። አያልነሽ ጓዳ ነበረች፤ በእሷና በሰዉ መካከል አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። ረታ መሐል ተቀመጠ። ብርሌ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ከንፈሩን ጠረገ፣ ወደ አገኘሁ ዞሮ ሣቀ።

«ተቀበል» አለ።

አገኘሁ ረታን አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ። ተነሣሁ። ከብርሌው ሁለት እርምጃ ነበርኩ። ረታም ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ግጥሙን ሰጠ፤

«አንተ ክራርህን በሽቦ ስትወጥር፣
አያልነሽ አደረች ከመኪናዬ ሥር።»

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ እጅ ዞረ። ሕጉን ያውቁታል። ረታ ራሱ ብርሌውን ገፋ አድርጎ አቀረበልኝ፤ ብከድነው ሣቁን ውጦ ይቀመጥ ነበር። እጄን አነሣሁ። ረሳሁት ብል ውሸት ነው፣ ፈራሁም ብል ውሸት ነው። አገኘሁ ያችን ግጥም በዚያ ክራር እንዴት እንደሚጮኻት ለመስማት ፈለግሁ። በቃ ይኸው ነው። እጄን መልሼ ነጠላዬን አስተካከልኩበት።

ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ጨርቁን ከጣቶቹ ፈታ።

ያን ቀን የሰማሁትን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጩኸቱ የሸክላው ሰውዬ ጩኸት መሆኑ ቀረ። ከሆዱ ነበር የሚወጣው፤ «አያልነሽ» ሲል ስሟ መሐል ላይ ይሰነጠቃል፣ ሽቦው ይቀጥልለታል። ደሙ ጣኒካው ላይ ይንጠባጠባል። ሰዉ እግሩን ሲመታ ወለሉ ያስተጋባ ነበር። እኔም መታሁ። ሸረፈዲን የሚባል የወሎ ወዛደር ብቻ ብርዙን ሳይጨርስ ተነሣ። «ይኸ ጨዋታ አይደለም፣ እትዬ የሺ» አለኝና ወጣ። ቦታውን ወዲያው ሌላ ሰው ያዘው።

ረታ «ድገመው» ይላል። አገኘሁ ይደግማል። ስንተኛው ላይ እንደነበረ አላውቅም፣ መጋረጃው ተገለጠና አያልነሽ ወጣች። ጥቅሏን በብብቷ ይዛለች። ወደ በሩ ሌላ መንገድ ስለሌለ በሰዉ መሐል አለፈች፤ እያነከሰች። መንገድ ለቀቁላት፣ አጨበጨቡላትም። አገኘሁ አያት። ረታ ይበቃል አላለም ነበርና አላቆመም። እያያት፣ ስሟን እየጮኸ፣ እስከ በሩ ሸኛት። እሷም አልዞረችም።

ረታ «ይበቃል» ያለው እሷ ከወጣች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሰፋ፤ ግድግዳ አፍርሼ ወደ ግቢው ጨመርኩት። ከውቅሮና ከኩሓ ድረስ እየመጡ «አያልነሽን» ይሉ ነበር፤ ዘፈኑን ማለታቸው ነው። ልጆች በየመንገዱ ጣኒካ እየደበደቡ ይጮኹታል። ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ክራር መቺ ሽቦ ወጥሯል፣ ገበያው ጥግ ሌላው ወጥሯል ሲሉ ሰማሁ፤ በጅማት የሚጫወት እንደ ኋላ ቀር ይታይ ጀመር። ግራሞፎኑን የሚያስታውሰው ጠፋ፤ ደሮ ቀንዱ ውስጥ እንቁላል ጣለችበት። ረታም መምጣት ተወ። ግጥሙን ማንም ሊሰጠው ስለሚችል ረታ አላስፈለገም። አገኘሁ አንድ ጊዜ ብቻ «ሌላ ዘፈን ልሞክር» ብሎ ጠየቀኝ። «ሞክር» አልኩት። ሰዉ ብርሌውን ጠረጴዛ ላይ እየመታ አስቆመው።

ዓመት አለፈ። ሰዎች አያልነሽ ዓዲግራት ውሃ እየተሸከመች ትኖራለች፣ ዘፈን ሲነሣ ከሰፈሩ ትወጣለች ይሉ ነበር። ይህን በሰማሁ ሰሞን፣ አንድ ሰኞ፣ ማዘንጊያ የሚባል ከሸዋ አዲስ የተዛወረ ጸሐፊ ብርሌውን አነሣና «ተቀበል» አለ። ያችኑ የረታን ግጥም ጀመረ፤ አነጋገሩ ገና እንግዳ ነበር።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ተነሥቼ ሄድኩና ብርሌውን በመዳፌ ከደንኩት።

ጸሐፊው ግራ ገብቶት አንጋጦ አየኝ። አገኘሁ ክራሩን አስቀመጠና ወደ እኔ መጣ። ጣቶቹ እንደ ቀንድ ደርቀው ነበር። እጄን ይዞ ከብርሌው ላይ ቀስ ብሎ አነሣው።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ስሟን የምጠራው ይኸ ሲዘፈን ብቻ ነው።»

ተመልሶ ተቀመጠና ጀመረ።